«ከአበልጄ ጋር በቤተ ክርስቲያን ጠብ ተኮራረፍን፤ ልቆይ ወይስ ልውጣ?»

የዚህ ሳምንት ደብዳቤ ከአሜሪካ፣ ከሜሪላንድ ነው የመጣው። ረዘም ስለሚል አሳጥሬዋለሁ።

«ሰላም ለዚህ ዓምድ አዘጋጅ። የሁለት ልጆች እናት ነኝ። በምንገለገልበት የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ድሮ በመዘምራን፣ አሁን ደግሞ በሰበካ ጉባኤ ውስጥ አገለግላለሁ። ነገሩ የጀመረው የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች በወር አንድ እሁድ ስብከቱ በእንግሊዝኛ ይሁንልን፣ ከቅዳሴውም የተወሰነው በሚገባን ቋንቋ ይባልልን ብለው ሲጠይቁ ነው። አንዳንድ አባቶችና እናቶች ተቆጡ። ዛሬ ቋንቋውን፣ ነገ ሃይማኖቱን ሊወስዱብን ነው ተባለ። ከዚያ ወሬው ወደ ሕንፃው ብድር ዞረ። አንድ ወንድም በዋትሳፕ ግሩፓችን ላይ ሰበካ ጉባኤው ሒሳብ ይደብቃል ብሎ ጻፈ። ሊቀመንበሩ ከግሩፑ አስወጣው። በሚቀጥለው እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ጩኸት ሆነ፣ ፖሊስ እስከ መጥራት ተደረሰ። አሁን የተወሰኑ ቤተሰቦች አዳራሽ ተከራይተው ለብቻቸው መሰብሰብ ጀምረዋል። አበልጄም ከእነሱ ጋር ሄደች። ልጇን ክርስትና ያነሳሁት እኔ ነኝ። ባለፈው የሐበሻ ሱቅ ውስጥ ተገናኝተን ፊቷን አዞረችብኝ። ባለቤቴ ደግሞ ይቅርብን፣ ቅዳሴውን በዩቲዩብ እንከታተል ይላል። ከየትኛው ወገን ልቁም? ልቆይ ወይስ ልውጣ? ግራ የገባኝ።»

እህቴ፣ መጀመሪያ የጠየቅሽውን ልመልስ። ለጊዜው ከማንም ወገን አትሰለፊ፣ አትውጪም። መሀል ቁጭ ብለሽ ተመልከቺ ማለቴ ግን አይደለም፤ ሥራ አለብሽ፣ እሱን እነግርሻለሁ።

አንድ ጠብ ብለሽ የጻፍሽልኝ ነገር እኔ እንደማየው ሦስት ነው። የቋንቋ ጥያቄ አለ፣ የገንዘብ ጥያቄ አለ፣ ከዚያ ደግሞ ያዘነ ሰው አለ። ሦስቱ ተጠላልፈው ስለ አንዱ የተጠየቀ ሰው ስለ ሌላው ይመልሳል። ልጆቹ ስብከቱ አልገባንም ሲሉ እናንተን ከኋላ ሆኖ የሚገፋችሁ ሰው አለ ይባላሉ። ሒሳብ የጠየቀው ሰውዬ ደግሞ ተሐድሶ (ሃይማኖቱን ከውስጥ ሊለውጥ የገባ) ነው ይባላል። (ይሄ ቃል በእኛ ቤት እንዴት እንደሚወረወር ታውቂዋለሽ። ደረሰኝ አሳዩኝ ላለ ሰው ደረሰኙ ይታያል እንጂ ሃይማኖቱ አይመረመርም።) ወገን ከመረጥሽ የወገኑን ሁሉንም ነገር ትሸከሚያለሽ። በቋንቋው ከልጆቹ ጋር፣ በሥርዓቱ ከአባቶቹ ጋር፣ በሒሳቡ ከተባረረው ወንድም ጋር ብትስማሚስ? የት ልትቆሚ ነው?

ከአበልጅሽ ልጀምር፣ በእጅሽ ያለው እሱ ነውና። ማቴዎስ ምዕራፍ 18 ላይ ጌታችን ቅደም ተከተሉን አስቀምጦታል። ወንድምህ ቢበድልህ መጀመሪያ ሄደህ ብቻችሁን ሆናችሁ ተነጋገሩ፣ ካልሰማህ አንድ ወይም ሁለት ሰው ይዘህ ሂድ፣ እነሱንም ካልሰማ ያኔ ለቤተ ክርስቲያን ንገራት። እኛ የምናደርገው የተገላቢጦሹን ነው። መጀመሪያ ለጉባኤው፣ ያውም በዋትሳፕ፣ በድምፅ መልእክት፣ በሌሊት። ቀጥሎ ለየጓደኛው በስልክ። ሰውየውን ራሱን የምናናግረው ነገሩ ሁሉ ካለቀለት በኋላ ነው፣ እሱም ካናገርነው።

ስለዚህ ደውዪላት። በጽሑፍ አትላኪ፣ ጽሑፍ የተኮራረፈ ሰው በፈለገው ድምፅ ነው የሚያነበው። ስትደውዪም ስለ ቦርዱ (ስለ ሰበካ ጉባኤው ማለቴ ነው)፣ ስለ አዳራሹ፣ ማን ምን አለ ስለሚለው ምንም አታንሺ። «እንዴት ነሽ? ልጄስ እንዴት ናት? ናፈቃችሁኝ» በይ። የክርስትና ልጅ ልጅሽ ነው፣ ያንን የሚሽር የሰበካ ጉባኤ ቃለ ጉባኤ የለም። እሷ ነገሩን ካነሳች አድምጪ። «ግን እናንተም እኮ…» የሚለው አፍሽ ላይ ሲደርስ ዋጪው። አንዴ ብቻ ካደመጥሽ ብዙ ነገር ታውቂያለሽ፤ ለምሳሌ የሄደችው በእንግሊዝኛው ምክንያት ይሁን ወይስ በዚያ የጩኸት እሁድ አንድ ሰው ልጇ ፊት ስላዋረዳት። እንደኔ ግምት ሁለተኛው ነው፣ ብዙ ጊዜም እንደዚያ ነው።

ስልክ ካላነሳች ሽማግሌ ላኪ። ሽማግሌው ሁለታችሁም የምታከብሩት፣ ቦርድ ውስጥ የሌለ፣ አዳራሹም ውስጥ የሌለ ሰው ይሁን። ሴትም ትሁን ወንድ፣ ወሬ የማያመላልስ። የንስሐ አባታችሁ አንድ ከሆኑ እሳቸው ይሻላሉ፣ ለዚህ ነው ያሉት። ቅዳሴ ላይ ዲያቆኑ «ተአምኁ በበይናቲክሙ» ሲል አጠገባችን ካለው ሰው ጋር ጎንበስ ብለን ሰላምታ እንለዋወጣለን፤ ከማናናግረው ሰው ራቅ ብለን ቆመን ከሌላው ጋር ብቻ የምንለዋወጠው ከሆነ ግን ዲያቆኑን አልሰማነውም ማለት ነው።

አሁን ወደ ቋንቋው። እዚህ ላይ ረጋ ብለሽ አንብቢኝ፣ ምክንያቱም ሁለቱም ወገን እውነት አለው።

አባቶች የሚፈሩት ነገር ባዶ ፍርሃት አይደለም። ግእዙ ሲቀር ዜማው አብሮ ይቀራል። የቅዱስ ያሬድ ዜማ የተሠራው በግእዝ ቃል ላይ ነው፣ በእንግሊዝኛ ላይ ልጫንህ ብትይው እሺ አይልም። ደግሞም እነዚህ ሰዎች አገር ለቀው፣ ሌሊት ታክሲ እየነዱ፣ በሆስፒታል ፈረቃ እየሠሩ ያቺን ቤተ ክርስቲያን ያቆሙት የቀረቻቸው የአገራቸው ቁራሽ ስለሆነች ነው። እንግሊዝኛ ሳምንቱን ሙሉ ይሰማሉ። እሁድ ጠዋት እንኳ ማረፍ ይፈልጋሉ።

ልጆቹስ? ሦስት ሰዓት ቆመው አንድ ቃል ሳይገባቸው ይወጣሉ። ቅዱስ ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች በማኅበር መካከል እልፍ የማይገባ ቃል ከመናገር ሌላውን የሚያስተምር አምስት ቃል ብናገር እወዳለሁ ብሏል። የእኛም ቤተ ክርስቲያን ይህን አታውቅም ማለት ስድብ ነው። አንድምታው ምንድን ነው? ሊቃውንቱ የግእዙን ንባብ በሕዝቡ ቋንቋ፣ በአማርኛ፣ ቃል በቃል እየፈቱ ሲያስተምሩ የኖሩበት ነው። ንባቡ በግእዝ፣ ትርጓሜው ሰሚው በሚሰማው። ዛሬ ሰሚው እዚያው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ተወልዶ ያደገ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ነው። እሱ የሚሰማው በእንግሊዝኛ ነው፣ እኛ ወደንም ጠልተንም።

የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6ን እስቲ እንደገና አንብቢው። የመጀመሪያዋ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የተነሳው ማጉረምረም ቋንቋና ምግብ የተቀላቀለበት ነው። ግሪክኛ ተናጋሪዎቹ «በየቀኑ እርዳታ ሲታደል የእኛ መበለቶች ይዘለላሉ» አሉ። ሐዋርያቱ ምን አደረጉ? አጉረምራሚዎቹን ዝም በሉ አላሏቸውም። አዳራሽ ተከራይታችሁ ሂዱም አላሏቸውም። ሰባት ሰው ምረጡ፣ ሥራው ላይ እንሾማቸዋለን አሉ። የሰባቱን ስም እይው፦ እስጢፋኖስ፣ ፊልጶስ፣ ጵሮኮሮስ፣ ኒቃሮና፣ ጢሞና፣ ጳርሜና፣ ኒቆላዎስ። ሁሉም የግሪክ ስም ነው! እንዳየሁት ከሆነ ማዕዱን ያስረከቡት ለተበደልን ባዮቹ ነው። ይሄ ቀላል ውሳኔ አይደለም። የእኛ ቦርድ ቢሆን አጣሪ ኮሚቴ ያቋቁም ነበር፣ አጣሪዎቹም ራሳቸው ቦርዱ በሆኑ።

እና ለሰበካ ጉባኤያችሁ ይዘሽ ግቢ የምልሽ ሐሳብ ይህ ነው። ስብከቱንና ቅዳሴውን ለዩ። የስብከት ቋንቋ እዚያው በአጥቢያችሁ ከካህናቱ ጋር የምትወስኑት ጉዳይ ነው። የቅዳሴው ሥርዓት ግን የቦርድ ሥልጣን አይደለም፣ በድምፅ ብልጫ አይነካም፤ ጥያቄ ካለ በደብዳቤ ለሀገረ ስብከቱ ሊቀ ጳጳስ ይቅረብ፣ መልሱ እስኪመጣም ማንም ማንንም መናፍቅ አይበል። ስብከቱን ደግሞ ለሰንበት ትምህርት ቤቶቹ ስጧቸው። በወር አንድ እሁድ፣ ከአማርኛው ስብከት ቀጥሎ ሃያ ደቂቃ፣ ካህኑ የፈቀዱት መምህር፣ ለስድስት ወር ሙከራ። በምትኩ እነሱም የቅዳሴውን ተሰጥኦ (ሕዝቡ የሚመልሰውን) በግእዝ ያጥኑ፣ አንድ ዲያቆን ይመደብላቸው። ብዙ የውጭ አገር አጥቢያዎች እንደሚያደርጉት ግእዙን፣ አማርኛውንና እንግሊዝኛውን ጎን ለጎን ስክሪን ላይ ማሳየትም ይቻላል፤ ይሄ ዜማውን አይነካም፣ ግእዙ ለማይገባን ለእኛ ለትላልቆቹም ይጠቅመናል (እውነቱን እንነጋገር ካልን)። ስድስት ወሩ ሲያልቅ ተቀምጣችሁ እዩት። የሚቃወሙት አባቶች «ለዘላለም ተሸነፍን» የሚል ስሜት ሳይሰማቸው እሺ ሊሉ የሚችሉት መጨረሻው የታወቀ ነገር ሲቀርብላቸው ነው።

ገንዘቡ ላይ አጭር እሆናለሁ፣ ምክንያቱም አከራካሪ አይደለም። አንቺ ስለ ሰበካ ጉባኤው ስትጽፊ ከውጭ እንደምታይ ሰው ነው። ግን ወንበር አለሽ፣ እጅሽን ታወጫለሽ፣ ቃለ ጉባኤ ላይ ትፈርሚያለሽ። አሜሪካ ውስጥ አብያተ ክርስቲያናት ሌሎች በጎ አድራጎት ድርጅቶች በየዓመቱ ለግብር መሥሪያ ቤቱ የሚያስገቡትን ፎርም 990 የማስገባት ግዴታ የለባቸውም። ስለዚህ እናንተ ካላሳያችሁ ሒሳቡን ማንም ከውጭ ሊያየው አይችልም። ሕጉ ስላልጠየቃችሁ ምእመኑ አይጠይቅ ማለት አይደለም፣ እንዲያውም በዚህ ምክንያት ነው የሚጠይቀው። ብድሩ ስንት ነው፣ ወለዱ ስንት ነው፣ በየወሩ ስንት ተከፈለ፣ ስንት ቀረ፣ በባንክ ሒሳቡ ላይ የሚፈርሙት እነማን ናቸው? አንድ ገጽ ነው። በየሦስት ወሩ ይለጠፍ። ምንም የተደበቀ ነገር ከሌለ ወሬው በአንድ ወረቀት ይሞታል። ካለ ደግሞ አንቺም ማወቅ አለብሽ፣ ፊርማሽ አለበትና።

ያ ወንድም ጥያቄውን ያቀረበበት መንገድ ልክ አልነበረም፤ በአደባባይ ሌባ ከማለቱ በፊት ገንዘብ ያዡን በግል መጠየቅ ነበረበት። ሊቀመንበሩ የመለሰበት መንገድ ግን ከዚያ የባሰ ነው። ጠያቂን ማባረር ለጥርጣሬ ማኅተም መስጠት ነው። ወደ ግሩፑ መልሱት፣ ከመለሳችሁት በኋላ ግሩፑን ለማስታወቂያ ብቻ አድርጉት። የለቅሶ፣ የሰርግ፣ የክርስትና፣ የበዓል ማስታወቂያ ይውጣበት። ክርክር ፊት ለፊት ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ሳይረፍድ ልንገርሽ። ከሁለቱም ወገን አሁን «ፍርድ ቤት እንሄዳለን» የሚል ድምፅ መሰማት ጀምሮ ይሆናል። ቅዱስ ጳውሎስ በመጀመሪያ ቆሮንቶስ 6 ላይ ስለዚህ ያለው (ወንድም ወንድሙን በማያምኑ ፊት አይክሰስ ማለቱ) እንዳለ ሆኖ፣ በተግባርም ምን እንደሚጠብቃችሁ እወቁ። የአሜሪካ ዳኛ ማን ትክክለኛ ኦርቶዶክስ እንደሆነ አይፈርድላችሁም፣ ሕገ መንግሥቱ ይከለክለዋል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1979 እ.ኤ.አ. ጆንስ ከዎልፍ ጋር በተከራከሩበት መዝገብ ላይ፣ ፍርድ ቤቶች የቤተ ክርስቲያን ንብረት ክርክርን ሃይማኖት ውስጥ ሳይገቡ በቤቱ ሰነድ፣ በመመሥረቻ ጽሑፉና በመተዳደሪያ ደንቡ እያዩ መፍታት እንደሚችሉ ወስኗል። ስለዚህ ዳኛው ፊት የሚቀርበው «ስብሰባው በደንቡ መሠረት ተጠርቷል ወይ? ምልዓተ ጉባኤ ነበር ወይ? አባል ማን ነው?» የሚል ነገር ነው። የሁለቱም ጠበቃ የሚከፈለው ደግሞ ዞሮ ዞሮ ከዚያው ከምእመኑ ኪስ ነው፣ እናቶች ጠቅልለው ከሚያስገቧት አምስት ዶላር። ደንባችሁን ዛሬ አውጥታችሁ አብራችሁ አንብቡት። አብዛኛው ሰው አንብቦት አያውቅም፣ ጠበቃ ሲያነብለት ነው የሚደነግጠው።

«እኛ እኮ አንታረቅም፣ በጣም ርቀናል» የሚልሽ ሰው ካለ ያለፈውን አስታውሺው። የራሳችን ሲኖዶስ ከ1984 ዓ.ም. ጀምሮ ለሁለት ተከፍሎ ኖሯል፣ አንዱ አዲስ አበባ አንዱ በስደት። እዚያ አሜሪካ ውስጥ ደግሞ ከሁለቱም አይደለንም የሚሉ «ገለልተኛ» የተባሉ አጥቢያዎች ነበሩ። የአንድ ቤት ወንድምና እህት የተለያየ ቤተ ክርስቲያን ይሄዱ ነበር። ከሃያ ስድስት ዓመት በኋላ፣ በሐምሌ 2010፣ ዕርቁ የወረደው እዚያው እናንተ አጠገብ ዋሽንግተን ዲሲ ነው። በስደት የነበሩት ፓትርያርክ አቡነ መርቆሬዎስ ወደ አገራቸው ተመለሱ። የስምምነቱን ቅርጽ ልብ በዪው፤ አንዱ ልክ ነው አንዱ ስህተት ነው ተብሎ አልተፈረደም። የአዲስ አበባው ፓትርያርክ አቡነ ማትያስ በአስተዳደሩ፣ አቡነ መርቆሬዎስ በጸሎትና በቡራኬ፣ ሁለቱም በፓትርያርክነት ክብር ተቀመጡ። አቡነ መርቆሬዎስ በ2014 እስኪያርፉ ድረስም እንዲሁ ኖሩ። ከዚያ በኋላ ቤተ ክርስቲያናችን ሌላ ፈተና አልገጠማትም አልልሽም፣ ገጥሟታል። ግን ለሁለት ፓትርያርኮች ቦታ ከተገኘ ለሃያ ደቂቃ የእንግሊዝኛ ስብከት ቦታ አይጠፋም።

አዳራሽ ስለተከራዩት። ጠላት አታድርጓቸው፣ እባክሽ። ጳውሎስና በርናባስ እንኳ በማርቆስ ምክንያት እስኪለያዩ ድረስ ተከራክረዋል፣ አንዱ ወደ ቆጵሮስ አንዱ ወደ ሶርያ ሄደዋል። መጽሐፉ አልሸሸገውም። ቆይቶ ግን ያው ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ ሲጽፍ ማርቆስን ይዘኸው ና፣ ለአገልግሎት ብዙ ይጠቅመኛል ይላል። ይህ ሊሆን የቻለው ሲለያዩ የማይመለስ ቃል ስላልተነጋገሩ ነው ብዬ አስባለሁ። ስለዚህ በስብሰባ ላይ «ከእነሱ ጋር የተገኘ ከአባልነት ይሰረዛል» የሚል ሐሳብ ከመጣ (ይመጣል!) ያኔ እጅሽን አውጪና ተቃወሚ። ለቅሶ ሲደርስባቸው ሂዱ፣ ሰርግ ሲኖራቸው ሂዱ፣ እድርና ማኅበሩን አትክፈሉት። ታቦት ያለ ጳጳስ ቡራኬ እንደማይገባና አዲስ አጥቢያም ያለ ሀገረ ስብከቱ እንደማይከፈት እነሱም ያውቁታል፤ እሱን ሊቀ ጳጳሱ ያነጋግሯቸው፣ የእናንተ የሰፈር ሰዎች ሥራ አይደለም። እዚያ ሄጄ ቅዳሴ ባስቀድስ ወይም ብቆርብስ የሚል ጥያቄ ካለሽ ደግሞ ለንስሐ አባትሽ ነው፣ በጋዜጣ ዓምድ የሚመለስ አይደለም።

መቼ ልውጣ ነው ጥያቄሽ፣ አውቃለሁ። ሒሳቡ ይከፈት ብለሽ በጽሑፍ ጠይቀሽ፣ ቃለ ጉባኤ ላይ አስመዝግበሽ፣ ተከልክለሽ፣ ለሀገረ ስብከቱም አሳውቀሽ ምንም ካልተለወጠ ከሰበካ ጉባኤው ወንበር ተነሺ። ያላየሽው ሒሳብ ላይ አትፈርሚ። ከወንበሩ መነሳት ግን ከቤተ ክርስቲያኑ መውጣት አይደለም። ብዙ ሰው ሁለቱን ያምታታል። ኃላፊነት ለቀሽ ምእመን ሆነሽ፣ ነጠላሽን ለብሰሽ ከኋላ ቆመሽ ማስቀደስ ትችያለሽ።

ባለቤትሽ ደክሞታል፣ አትፍረጂበት። ዩቲዩብ ለታመመና ለአራስ ጥሩ ነው፣ ቁርባን ግን በስክሪን አይመጣም። «ለዘላለም እንሂድ» ብለሽ አትጨቃጨቂው። «ቦርድ የለ፣ ስብሰባ የለ፣ ቅዳሴ ብቻ አስቀድሰን እንወጣለን» በዪው፤ ስብሰባ ባለበት እሁድ ደግሞ አንቺ ትቀሪያለሽ፣ እሱ ልጆቹን ይዞ ቤት ይሄዳል። ልጆቹ ያን የጩኸት ቀን አይተው ከሆነ ምን እንደተሰማቸው ጠይቋቸው፤ እነሱ ስለጠየቁት ነገር ትልልቅ ሰዎች ፖሊስ እንደተጠራሩ አስበው ጥፋቱ የእኛ ነው ብለው ይዘውት ሊሆን ይችላል። ጥፋቱ የእነሱ እንዳልሆነ በግልጽ ንገሯቸው፣ በእንግሊዝኛም ቢሆን።